የአሸዋው ሾፌር

በአንግልሲ ደሴት፣ ከባሕሩ አፋፍ፣
ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያራግብ፣ ሲያራግፍ፣
አባቴ ኢድዋል አራት ሚዛን ዘርግቶ
በላዩ አቆማት፣ ትንፋሹን ገትቶ።
እያንዳንዱ ጎማ የየራሱ ቁጥር፤
ድምሩን ማንም ያውቃል፣ ክፍፍሉ ነው ምሥጢር።
«መኪና» ይለኛል «እንደ ጠረጴዛ ነው፤
አንድ እግሩ ካጠረ ሾርባሽ ነው የሚፈሰው።»

ከእኔ በሃያ ዓመት ትበልጣለች እሷ፤
ቀለሟ አረንጓዴ፣ ስስ ፋይበር ነው ልብሷ።
ላይዋን ዝገት አይነካው፤ ጨው ያዘለው አየር
ከሥሯ ይገባል፣ አጥንቷን ሊሰረስር።
ከጥቅምት እስከ ጥር ከሆዷ ሥር ተኝቶ፣
በብረት ብሩሽ ፍቆ፣ በግራሶ ቀብቶ፣
የላላ ቦሎኒ፣ የደረቀ ላስቲክ
ሲለቅም ይመሻል፣ ተሸክሟት ክሪክ።

ካርቡሬተር ሲያስማማ መሣሪያ አያምንም።
የአትክልት ማጠጫ ጎማ፣ ክንድ እንኳን አይሞላም፤
አንዱን ጫፍ ከጆሮው፣ አንዱን ካፏ ሰክቶ
አየር ስትስብ ያዳምጣል፣ ዓይኑን ከድኖ፣ ተግቶ።
የግራው ያፏጫል፣ የቀኙ ያጉረመርማል፤
በካቻቢቴ ጫፍ ሩብ ዙር ያዞራል፤
ደግሞ ሩብ፤ ደግሞ የሩብ ግማሽ፤ ቆይ፣ ቆይ፤
ድንገት ሁለቱ ድምፅ አንድ ይሆናል፣ ሳይለይ።
ቀኝ ጆሮው ደክሟል፤ ለማንም አይናገርም፤
ጎማውን በግራው መያዙ ግን እኔን አያመልጠኝም።

ከሾፌሩ ወንበር አንድ ከረጢት አለ፣
በቀበቶ ታስሮ እንደ ሰው የዋለ።
ሚዛን የሚነበበው ሾፌር ተቀምጦ ነው፤
ሾፌር በሌለበት አሸዋ ነው ተኪው።
ስልሳ አንድ ኪሎ።
በወፍራም ጥቁር ቀለም፣ በገዛ እጁ ጽሕፈት፦
«ኤሉነድ»።
እናቴ ናት።

የምትነዳው እሷ፣ እሱ የሚፈታ፣ የሚያስር፤
አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ እሷ ስትከንፍ፣ እሱ ከአጥር ሥር
ሰዓት ጨብጦ።
ከሞተች አምስት ክረምት። ከረጢቱን አልነካው፤
ሞላ ሲያጠብቅ፣ ሲያላላ፣ በየዓመቱ የደከመው
ለማትመጣ ሾፌር ነው።

ዘንድሮ በየካቲት ሄልሜቷን ይዤ ገባሁ።
ምንም አልተናገርኩም። ሚዛኑ ላይ ወጣሁ።
ቁጥሩን አየ። ባልዲ አነሣ። በጨለማ ወጣ።
ከባሕሩ ዳር አሸዋ ዝቆ መጣ።
ጨመረ፤ ለካ፤ ሞላዎቹን ጠመዘዘ፤
በማግስቱ ስነዳት ግን አፍንጫዋ ወደ ግራ ተጓዘ፣
መሪው እጄ ላይ አኮረፈ።

«እርጥብ ነበር» አለኝ፣ በሁለተኛው ቀን፣ አፍሮ፤
«ውኃ ነው የመዘንኩት፤ ሞኝ ሆኛለሁ ዘንድሮ።»
የዶሮ መጥበሻው ትሪ አሸዋ ተሰጥቶበት
ምድጃው ውስጥ አደረ፤ ባሕር ባሕር ሸተተ ቤቱ፣ እስኪነጋ ሌሊት።
ጠዋት በሻይ ኩባያ እየሰፈረ አፈሰሰው፣
ሰባት ኪሎ ሙሉ፣ አንዲት ፍሬ ሳይደፋው።
«ስልሳ አንዱ እናትሽ፣ ሰባቱ ደግሞ አንቺ፤
ውድድሩ እስኪያልቅ እንዳትወፍሪ፣ እንዳትቀልጪ።»
ስሟን አልሰረዘም። ከሥሩ ጻፈበት፦
«ሲደመር ሰባት»።

ሚያዝያ። ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ መታጠፊያ።
ሦስተኛ ማርሽ፤ ነፋስ ከጎን፤ ሰማዩ አመድማ።
ፍሬኑን ለቀቅሁላት፤ ወደ ውስጥ ጎበጠች፤
አራቱም እግሯ መሬት ይዞ፣ እንደ ድመት አለፈች።

ከአሥራ ዘጠኝ መኪና አሥራ አንደኛ ወጣሁ።
አባቴን ከአጥሩ ሥር ከሩቅ አየሁ፤
ሰዓት አልያዘም።
ግራ ጆሮውን ወደ መንገዱ አዙሮ፣
ዓይኑን ከድኖ፣ እንደ ሐውልት ተገትሮ።

ሞተሩን ሳጠፋ መጣ። ኮፈኑን በመዳፉ ዳበሰ።
ስለ ደረጃዬ አልጠየቀም፤ እንባም አላበሰ።
«አራተኛው ሲሊንደር» አለ «ትንሽ ያስላል።
ነገ ካንዴላውን አውጥተን ማየት ይሻላል።»